«አሰልጣኙ ጠልቶት ነው»፦ ስለ አሰላለፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬ ውስጥ የቡድን አሰላለፍ ሲወጣ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከዚራ ዛፍ ሥር የተቀመጠውም፣ ሳቢያን ሻይ የሚጠጣውም፣ መጋላ ሱቁን ከፍቶ ደንበኛ የሚጠብቀውም መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ማን ቀረ? የብርቱካናማዎቹ፣ ማለት የክለባችን የድሬዳዋ ከተማ፣ ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስሙ የጠፋ ተጫዋች ካለ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ምክንያት ይገኝለታል። ተጣልቷል፣ ሊለቅ ነው፣ አሰልጣኙ ጠልቶታል ይባላል።

እኔም ለዓመታት ከእነዚህ ጋር አብሬ ስጮህ ኖሬያለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአንድ ጓደኛዬ እግር ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ልምምድ ሲሠራ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጤነኛ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተን ይሄ ይመስለኛል። ስታዲየም ጎራ ያለ ሰው ተጫዋቹን ማክሰኞ ሲሮጥ ያየዋል። እሁድ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳን ሲያጣው ይናደዳል።

ግን መሮጥና መሮጥ ይለያያል። ብዙ ተጫዋች የሚጎዳው ሃምስትሪንግ የምንለው የታፋ የኋላ ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ፣ እግር መሬት ሊነካ ሲል፣ እየተለጠጠ ትልቅ ጫና ይሸከማል። ሶምሶማ ላይ ያ ጫና የለም። ስለዚህ የተጎዳ ሰው ሜዳውን አሥር ጊዜ ዞሮ ምንም ላይሰማው ይችላል። የመመለሻው መንገድ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ በኳስ፣ ቀጥሎ ሙሉ ፍጥነት፣ መጨረሻ ላይ ከቡድኑ ጋር ሙሉ ልምምድ። አንተ ማክሰኞ ያየኸው ሰው ምናልባት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው።

በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ላይ ለብዙ ዓመታት የተካሄደ የጉዳት ጥናት አለ። በ2001/02 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ሃምስትሪንግ ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ ነበር። በ2021/22 ወደ 24 በመቶ ደረሰ። እጥፍ ማለት ነው። የተመለሰ ተጫዋች ያው ጡንቻ እንደገና ሲጎዳበትም፣ አብዛኛውን ጊዜ በተመለሰ በሁለት ወር ውስጥ ነው።

ጓደኛዬ የሰፈራችን አጥቂ ነበር። የክረምት ውድድር ላይ ታፋውን ያዘው። በአሥረኛው ቀን ግማሽ ፍጻሜ ነበረን። «አቦ፣ አሁን እኮ እየሮጥክ ነው፤ ግባልን» ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ገባ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በረጅሙ የተጣለ ኳስ ሊይዝ ተፈተለከ። መሀል ላይ ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ሰው ድንጋይ የወረወረበት መስሎት ነበር። ከኋላው ማንም አልነበረም። በቀጣዩ ክረምትም አልተጫወተም።

«ወጌሻው ቢያሸው ይለቀዋል»

ለወጌሻ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ጡንቻ ሲሸማቀቅ፣ ማለት ክራምፕ ሲሆን፣ መሳብና ማሸት ይረዳል። የተቀደደ ጡንቻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውስጡ ደም እየፈሰሰ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ጠንከር አድርጎ ማሸት መድማቱን ያባብሰዋል። ያኔ የሚያስፈልገው እረፍት፣ በረዶና ማሰሪያ ነው።

«መርፌ ወግተው ያስገቡት» የሚለውም ከዚሁ አይርቅም። ማደንዘዣ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጡንቻውን አይጠግንም። ሕመም ደግሞ ለተጫዋቹ «በቃ፣ ቁም» የሚለው ብቸኛው ነገር ነው።

«ጠልቶት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለም»

መጣላት የለም አልልም። አሰልጣኝና ተጫዋች ሰዎች ናቸው። ግን አሰልጣኝ እንጀራው በውጤት ነው። የሚያሸንፍለትን ልጅ በቂም አስቀምጦ ሥራውን ማጣት ስንቱ ይፈልጋል?

ክለቡ ምክንያቱን አለመናገሩ ነው ወሬውን የሚወልደው። ዝም የሚልበት ምክንያት ግን አለው። የአጥቂህ ቁርጭምጭሚት ገና አልጠነከረም ብለህ ካወጅክ፣ የተጋጣሚ ተከላካይ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ እግር ነው። ጤናም የግል ጉዳይ ነው።

በእኛ ሊግ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ በየተራ ይጫወታሉ። ድሬዳዋም አስተናጋጅ ሆናለች። ውድድሩ ሲጠጋጋ በጨዋታና በጨዋታ መካከል የሚቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው። ጡንቻ ከአንድ ከባድ ጨዋታ ለማገገም ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ታዲያ አንዱን ቋሚ ተሰላፊ ማሳረፍ ጥላቻ ነው?

«ሙቀቱ የእኛ ነው፤ እንግዳ እዚህ አይችልም»

ይሄን እምነት እወደዋለሁ፣ ግማሹም እውነት ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ትናንት መጥቶ ዛሬ ከሰዓት የሚጫወት ቡድን ይቸገራል። ነገር ግን ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሲሠራበት ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ የልብ ምቱም ይረጋጋል። እንግዶቹ እዚህ ሳምንታት ሲከርሙ እኮ ሙቀቱ የእነሱም ሆነ። የእኛ ልጆችም ሌላ ከተማ ሰንብተው ሲመጡ እንደገና መልመድ አለባቸው። ስለዚህ «የድሬ ልጅ ስለሆነ ይሰለፍ፣ ሙቀቱን ይችላል» የሚለው ክርክር በአየሩ ብቻ አይቆምም።

«በቢጫ ተቀጥቷል»

እዚህ ላይ የምንሳሳተው ውድድር ስለምንቀላቅል ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አምስት ቢጫ በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች ውስጥ ከሞላ አንድ ጨዋታ ያስቀጣል። በአፍሪካ ዋንጫና በዓለም ዋንጫ ሁለት ቢጫ ይበቃል። እያንዳንዱ ውድድር የራሱ ደንብ አለው፤ ቅዳሜ በዲኤስቲቪ ያየኸውን እሁድ ስታዲየም ይዘህ አትምጣ።

«አምስት ቅያሪ አለው፤ ምን ያስጠብቀዋል?»

አምስት ሰው ነው፣ አምስት ጊዜ ግን አይደለም። ከእረፍት ሰዓት ውጪ ጨዋታው ቆሞ መቀየር የሚቻለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። 60ኛው ደቂቃ ላይ ሦስቱንም የጨረሰ አሰልጣኝ፣ 80ኛው ላይ ሰው ቢጎዳበት ቅያሪ ቢተርፈውም በአሥር ሰው ይጨርሳል።

«በጾም ሰሞን አይሰለፍ»

በረመዳን ይህ ወሬ ይነሳል። ጾም ብቻውን ተጫዋችን ከሜዳ አያስቀርም። ይበልጥ የሚጎዳው የእንቅልፍ መቆራረጥና ፀሐይ ላይ ውሃ ሳይጠጡ መሥራት ነው። ልምምዱ ወደ ማፍጠሪያ ሲጠጋ ብዙው ይቃለላል። በ2021 እ.ኤ.አ. ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ፣ ዌስሊ ፎፋናና ሼኩ ኩያቴ እንዲያፈጥሩ ጨዋታው ለአፍታ ቆሟል። ይሰለፍ አይሰለፍ የሚለውን ተጫዋቹና የቡድኑ ሐኪም ይነጋገሩበት።

«በድሮ ጊዜ እንዲህ አይጎዱም ነበር»

ይህን የሚሉት አባቶቻችን ናቸው፤ የማውራት መብትም አላቸው። የድሬዳዋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ኮተን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲወስድ ያዩ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ እዚሁ ድሬዳዋ ሲካሄድ ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ዛየርንና ሱዳንን ያዩ ናቸው።

ይጎዱ ነበር። የሚቀይራቸው ግን አልነበረም። በዓለም ዋንጫ እንኳን ቅያሪ የተፈቀደው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም ሁለት ብቻ። የጨዋታው ፍጥነትም የዛሬው አይደለም። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ2006/07 እስከ 2012/13 ባለው ጊዜ ብቻ ተጫዋቾች በሙሉ ፍጥነት የሚሮጡት ርቀት በ35 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

ሰፈራችን በወጣትነታቸው ለፋብሪካ ቡድን የተጫወቱ አንድ አባት አሉ። «እኛ ወጥተን አናውቅም» ይላሉ ሁልጊዜ። አንድ ቀን ጉልበታቸው መቼ እንደተጎዳ ጠየቅኳቸው። «ያን ጊዜ ነዋ» አሉ፣ «ጥርሴን እየነከስኩ ጨረስኩት።» ሁለት ደረጃ ለመውጣት የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይይዛሉ።