የአሜሪካ የድንበር ጥበቃ ቴክኖሎጂ

እ.ኤ.አ. በ2001 ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ አሜሪካ በየፊናቸው ይሠሩ የነበሩ 22 መሥሪያ ቤቶችንና ክፍሎችን አዋሕዳ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴርን አቋቋመች። በ2003 ሥራ የጀመረው ይህ ሚኒስቴር የራሱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ አለው። የዘርፉ ድርሻ ለድንበር ጠባቂዎች፣ ለፈታሾችና ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች የሚሆኑ መሣሪያዎችን ማስጠናት፣ መሞከርና ለሥራ ማብቃት ነው።

ከሜክሲኮ ጋር የሚያዋስነው ድንበር ብቻ ከ3,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በረሃውንና ሸለቆውን ሁሉ በሰው ዓይን መጠበቅ ስለማይቻል ራዳር፣ የሙቀት ካሜራ፣ የመሬት ንዝረት ጠቋሚና ሰው አልባ አውሮፕላን ተሰማርተዋል። እነዚህ መሣሪያዎች እንቅስቃሴን ለማየት አይቸገሩም፤ የሚፈትናቸው የሚንቀሳቀሰው ሰው ይሁን ከብት፣ ወይም ነፋስ ያወዛወዘው ቁጥቋጦ ይሁን መለየቱ ነው።

ለዚህ የኤስቢአይኔትን ያህል ምስክር አይገኝም። በ2006 ለቦይንግ የተሰጠው ይህ ፕሮጀክት ድንበሩን ራዳርና ካሜራ በተሸከሙ ማማዎች ለመቆጣጠር ታልሞ ነበር። በአሪዞና በተተከለው የሙከራ ክፍል ግን ዝናብ ሲጥል ራዳሩ በከንቱ ይጮህ፣ መረጃውም ለጠባቂዎቹ ዘግይቶ ይደርስ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ሥርዓቱ ሲነደፍ በየቀኑ የሚጠቀሙበት ጠባቂዎች በቅጡ አልተማከሩም። በ2011 ሲሰረዝ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ የሸፈነው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ማማዎች አንዳንዶቹ አነስ ያሉ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩና ከቦታ ቦታ የሚዛወሩ ናቸው፤ ሰውን ከእንስሳና ከተሽከርካሪ የሚለየውም ሶፍትዌራቸው ነው።

በመግቢያ ኬላዎችም ችግሩ ያው ነው። የኑክሌር ቁስ እንዳያልፍ የቆሙት የጨረር መፈተሻ በሮች፣ ሙዝ፣ ሴራሚክ ወይም ለድመት መጸዳጃ የሚሸጥ አፈር የጫነ መኪና ሲያልፍ ያስጠነቅቃሉ፤ በተፈጥሯቸው ጥቂት ጨረር አላቸውና። ያኔ ፈታሹ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዞ የጨረሩን ምንጭ ያጣራል።

ከመሬት በታች ያለው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። በ2020 ይፋ የሆነው ከሜክሲኮዋ ቲሁዋና ወደ አሜሪካዋ ሳንዲዬጎ የተቆፈረ ዋሻ 1,313 ሜትር ይረዝማል፤ ሐዲድ፣ የአየር ማስገቢያና የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቶለት ነበር። መሬት ሰርስሮ የሚያይ ራዳር በእርጥብ ሸክላማ አፈር ውስጥ ርቆ ማየት አይችልም። በዚህም የተነሳ አብዛኞቹ ዋሻዎች የተደረሰባቸው በሰዎች ጥቆማና በመርማሪዎች ክትትል ነው።