ቆሻሻ መድፊያውና የጉድጓድ ውሃችን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ እምቦጭ የማያወራ ሰው የለም። ይታያላ! ጣና ላይ ተንጣሎ፣ የጀልባ መንገድ ዘግቶ ይታያል። ከቆሻሻ መድፊያ ሥር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚወርደው ጥቁር ፍሳሽ ግን አይታይም፤ ስለዚህ ስለሱ የምናወራው በግምት ነው። ቡና ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«የጉድጓዳችን ውሃ ኩልል ያለ ነው፣ ደግሞም አፍልተን ነው የምንጠጣው»

ኩልል ማለቱ ምንም አይነግርም። ከቆሻሻና ከሽንት ቤት ወደ ውሃ የሚገባው ናይትሬት የሚባል ነገር ቀለምም ሽታም የለውም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋር ጠብ ማድረግም ለጀርም ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በጣም የሚያሰጋው የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ ተበጥብጦ ለሚሰጠው ጨቅላ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።

«ከታች ዋልካ ነው፣ ዋልካ ውሃ አያሳልፍም»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው የሚያስቸግረው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ይደፈናል። በበጋስ? ሚያዝያ ላይ ማሳ ውስጥ የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ አፈሩ እስኪያብጥ ድረስ ውሃው በዚያ ስንጥቅ እየተንቆረቆረ ይወርዳል። ከአፈሩ ሥር ደግሞ ባዛልት አለ፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀና የተቦረቦረ። ምንጭና ጉድጓድ የሚሰጠን በስንጥቁ ነው፣ ፍሳሹንም የሚያሳልፈው በዚያው። አሸዋ ቢሆን ትንሽም ቢሆን ያጣራው ነበር፤ ስንጥቅ አያጣራም። አሜሪካኖች በሕጋቸው የተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከላዩ ደግሞ የፕላስቲክ ንጣፍ የሚጠይቁት የተፈጥሮ አፈር ብቻውን ስለማያስተማምን ነው።

«ፕላስቲክ ከተነጠፈማ አለቀ»

ንጣፍ ይበሳል። መጋጠሚያውም ይላቀቃል። ፍሳሹ በቧንቧ ተሰብስቦ ካልወጣ ደግሞ ታች ተጠራቅሞ ቀዳዳ ይፈልጋል።

«ውሃ ሁሉ ወደ ጣና ነው የሚሄደው»

ከርሰ ምድር ውሃ የመንገድ ምልክት አያነብም። ወደ ሐይቁ ሊሄድ ይችላል፣ ወደ ዓባይ ሊሄድ ይችላል፣ ክረምትና በጋ ላይ ትንሽ አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። የሚታወቀው ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሮ በየአንዳንዱ ውስጥ ውሃው የቆመበትን ከፍታ በመለካት ነው። ውሃው ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ይሄዳል፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

«አንዴ ተመርምሮ ንጹህ ተብሏል»

መቼ? በየትኛው ወር? ከየትኛው ጉድጓድ? የከርሰ ምድር ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ዛሬ የፈሰሰው ታች ካለው ጉድጓድ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው እነዚያው አሜሪካኖች በተለምዶ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያስመረምሩት፣ መድፊያው ከተዘጋ በኋላም ክትትሉ 30 ዓመት እንዲቀጥል የሚያዙት። «ተዘግቷል፣ አፈር ለብሷል» የሚለው ወሬም እዚሁ ጋ ያበቃል። ከሚለኩት ውስጥ እኔ የምወደው ክሎራይድን ነው፣ ጨው ውስጥ ያለውን፤ አፈር ስለማይይዘው ፍሳሹ ውስጥ ካሉት ከብዙዎቹ ቀድሞ ይደርሳል፣ እንደ መልክተኛ።

«ጉድጓዱ ከተበላሸ ጥፋተኛው ቆሻሻ መድፊያው ነው»

እዚህ ላይ ለመድፊያው ልከራከርለት ነው። ከመድፊያው በላይ፣ ውሃው ገና ሳይደርስበት፣ አንድ የመከታተያ ጉድጓድ መኖር አለበት፤ ከታች ደግሞ ሌሎች። ክሎራይዱና ከሚበሰብስ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ የታችኛው ላይ ብቻ ከጨመረ፣ ጣት መቀሰር ይቻላል። ናይትሬቱ ላይም ታችም እኩል ከሆነ ግን ምንጩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የጉድጓድ ሽንት ቤት። በእኛ ግቢዎች የውሃውና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በስንት እርምጃ እንደሚራራቁ ደግሞ እናውቃለን።