የወፍ ዝማሬ በጃቫ አባወራዎች ዘንድ

በኢንዶኔዥያ፣ በተለይም በጃቫ ደሴት፣ ዘማሪ ወፍ ማሳደግና ማወዳደር የባፓክ-ባፓክ (የአባወራዎች) ተወዳጅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በጥንቱ የጃቫ ልማድ አንድ ወንድ ሙሉ ሰው የሚባለው ቤት፣ ሚስት፣ ፈረስ፣ ክሪስ የተባለው ጩቤና ወፍ ሲኖረው ነው። ዛሬ በፈረሱ ቦታ ሞተር ሳይክል ገብቷል፤ ወፉ ግን ከበረንዳው አልወረደም። ቀድሞ የሚከበረው ፐርኩቱት የተባለው ትንሽ ዋኔ ነበር። አሁን የውድድሩ ንጉሥ ጅራተ ረጅሙ ሙራይ ባቱ ነው።

የሙራይ አያያዝ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠዋት ገላውን ይታጠብና ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያም ጥላ ሥር ይሰቀላል። ብዙዎች ጠዋት 5፣ ማታ 5 ጃንግክሪክ (ፌንጣ መሳይ ነፍሳት) ይሰጡታል፤ ወፉን እንዳይቧጥጡት የጃንግክሪኮቹ እግሮች አስቀድመው ይነቀላሉ። ክሮቶ፣ ማለትም የዛፍ ጉንዳን እጭ፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ በሻይ ማንኪያ ይጨመርለታል። ክሮቶ ቶሎ ስለሚበላሽ ያደረ ከሆነ ወፉን ተቅማጥ ያስይዘዋል። ሌሊት የወፉ ቤት በጨርቅ ይሸፈናል። ዜማው እንዲበዛ ሌሎች ወፎች አጠገቡ ይሰቀላሉ ወይም ድምፃቸው በስልክ ይከፈትለታል።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ለውድድር ብሎ ጃንግክሪኩን ሲያበዛ ነው፤ ወፉ ከልክ በላይ ይግልና ዝማሬውን ትቶ ከሽቦው ጋር ይታገላል። ላባውን በሚለውጥበት ወቅትም ወደ ውድድር መውሰድ ተገቢ አይደለም፤ አዲሱ ላባ ሳይጠነክር ከደከመ ድምፁ ለመመለስ ይቸገራል።

ውድድር አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ነው። የወፍ ቤቶቹ በረድፍ ይሰቀላሉ፤ ዳኞች በመካከላቸው እየዞሩ የዜማውን ስብጥር፣ የድምፁን ጉልበት፣ ሳያቋርጥ የዘመረበትን ጊዜና አቋሙን ይመዝናሉ፤ ለመረጡትም ባንዲራ ይተክላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአካባቢና ደን ሚኒስቴር ሙራይ ባቱንና ቹቻክ ራዋ የተባለውን ሌላ ዘማሪ ወፍ በሕግ በሚጠበቁ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ከአርቢዎች ብርቱ ተቃውሞ በኋላ በዚያው ዓመት አወጣቸው። አርቢዎች በቤት የሚፈለፈለው ወፍ ጫካውን ያሳርፋል ይላሉ፤ ይህም በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ቹቻክ ራዋ በጫካ ሊጠፋ መቃረቡ ግን አያከራክርም፤ ምክንያቱም በዋናነት ለዚሁ ገበያ መጠመዱ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ አስቀድሞ የወፉን እግር ያያል። በቤት የተፈለፈለ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ያልተቆረጠ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ የሚገባው ጫጩቱ ገና የቀናት ዕድሜ ሳለ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እግሩ ስለሚወፍር አያልፍም። ተቆርጦ የተገጠመ ቀለበት ግን ወፉ ከጫካ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።