ቤዲንግ ምንድን ነው? ማጣበቅም ማጥበቅም አይደለም

«ጠመንጃዬን ቤዲንግ አስደርጌዋለሁ፤ ብረቱና እንጨቱ አንድ ሆነዋል፤ በመዶሻ ቢመታ አይላቀቅም።»

ጥቅምት በመጣ ቁጥር እዚህ ኮሎራዶ ለኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን ከሚዘጋጁ የአገር ልጆች ይህን እሰማለሁ። እስካሁን ፈገግ ብዬ አልፍ ነበር። ሰሞኑን ግን አንዱ ካሜራ ፊት ቆሞ፣ ኢፖክሲውን (ተለውሶ እንደ ድንጋይ የሚደርቀውን ሙጫ) እንጨቱ ውስጥ ሞጅሮ፣ ብሎኖቹን ባለ በሌለ ጉልበቱ ጠርቅሞ፣ «በጠበቀ ቁጥር ይመታል» ብሎ ሲያስተምር አየሁት። ይሄ እንኳን አያሳልፍም።

ቤዲንግ ማለት ሪሲቨሩ፣ ማለትም ቃታው (ቦልቱ፣ ጥይት አጉርሶ የሚዘጋው ብረት) የሚመላለስበትና በርሜሉ የሚታሰርበት ዋናው ብረት፣ እንጨቱ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በራሱ በብረቱ ልክ ማበጀት ነው። (እንጨት ስል ሰደፉን በሙሉ፣ ፕላስቲኩንም ፋይበሩንም ማለቴ ነው።) ከማረፊያው ላይ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይፋቃል። በቦታው የብረት ወይም የፋይበር ዱቄት ያለበት ኢፖክሲ ይገባል። ሪሲቨሩ እላዩ ላይ ተቀምጦ ቅርጹን ያትማል። ሲደርቅ ይወጣል።

አዎ፣ ይወጣል። ካልወጣ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። ኢፖክሲው የሚይዘው እንጨቱን ብቻ ነው፤ ብረቱ እንዳይያዝ አስቀድሞ ማላቀቂያ ይቀባል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ አለ። ብዙ ሰው ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት ወይም የእንጨት ሰም ይጠቀማል፤ ሁለቱም ይሠራሉ። የብሎን ቀዳዳው፣ የምላጩ (በጣት የሚሳበው) ቦታ፣ ብረቱ ላይ ያለ ስንጥቅና ጎድጓዳ ሁሉ ልጆች በሚጫወቱበት ፕላስቲሲን ይደፈናል። አንዷ ቀዳዳ ከተረሳች ኢፖክሲው ገብቶ እንደ ቁልፍ ይዘጋል። ያን ጊዜ ቅባትም አያድን።

በእርግጥ ሪሲቨሩን ከነአካቴው የሚያጣብቁ አሉ። ቤንችሬስት የሚባለው ውድድር ላይ፣ ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚተኮስበት፣ ይህ የታወቀ አሠራር ነው። እነሱ ግን በረዶ ላይ ተንሸራተው አይወድቁም፤ ዝናብ መትቷቸው ማታ ድንኳን ውስጥ ጠመንጃ ፈትተው አያደርቁም። አዳኝ መፍታት መቻል አለበት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ማጥበቅ።

ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ አይወዛወዝም። ድንጋዮቹ እኩል ባይሆኑ ሊያዘነብል ይችላል እንጂ አይወዛወዝም። አራተኛ ድንጋይ ጨምሩበት፤ ወዲያው አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ ድስቱም ከዚህ ወዲያ ይላል። ከፋብሪካ በወጣ ርካሽ እንጨት ውስጥ የተቀመጠ ሪሲቨር ስንት ጉልቻ ላይ እንዳለ ማንም አያውቅም። እዚህ አንዲት ጉብታ፣ እዚያ የቫርኒሽ ቅሪት፣ ከኋላ ደግሞ መቅረጫው በደንብ ያልደረሰበት ጠርዝ። እንግዲህ የሚወዛወዘውን ድስት ከጉልቻው ጋር በገመድ ጠፍራችሁ እሰሩት። መወዛወዙ ይቆማል። ግን ድስቱ ተደላድሎ ነው የቆመው? አይደለም፤ ታንቆ ነው። ሸክላ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ብረት ስለሆነ ይጎብጣል።

የጠመንጃ ብረትም ይጎብጣል። ሁለት ብሎኖች በጉብታ ላይ ሲጠረቅሙት ሪሲቨሩ እንደ ቀስት ይለመጣል። በዓይን አይታይም። ውጤቱ ግን ይታያል፦ ቃታው ያለወትሮው ይከብዳል፣ መነጽሩ የተቀመጠበት መሠረት ይጣመማል። በያንዳንዱ ተኩስ ብረቱ ተንቀጥቅጦ ሲመለስ ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ አያርፍም። ሦስት ጥይት አንድ ላይ ይገባል፤ አራተኛው ብቻውን ይሄዳል። ባለቤቱም ጥይቱን ይረግማል።

ቤዲንግ ሁለተኛ ገመድ መጨመር አይደለም። ገመዱን ፈትቶ ጉልቻውን በድስቱ ቂጥ ልክ እንደገና በጭቃ መሥራት ነው። እዚህ ላይ ነው ያ ወንድማችን ስህተቱን ያስተማረው። ጭቃው እርጥብ ሳለ ድስቱን በጉልበታችሁ ብትጫኑት ጭቃው የሚይዘው የተጫነውን ድስት ቅርጽ ነው። ኢፖክሲው ለስላሳ ሳለ ብሎኑን ጠርቅሞ ማሰርም እንደዚሁ ነው። ሪሲቨሩ ጎብጦ ይቀመጣል፤ ኢፖክሲው የጎበጠውን ቅርጽ ይቀዳል፤ በማግሥቱ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በፊት በሁለት ጉብታ የመጣ ጉብጠት አሁን ከዳር እስከ ዳር ቋሚ ሆነ። ወንድሜ፣ ችግሩን አላስወገድክም፤ ሐውልት አቆምክለት።

ስለዚህ የሚያውቁት ሰዎች ኢፖክሲው ሲደርቅ የጠመንጃውን ብሎን ለማጥበቂያ አይጠቀሙም። ጭንቅላት የሌላቸው ዘንጎች በብሎኖቹ ቦታ ይገባሉ፤ ሥራቸው ሪሲቨሩን መሐል ለመሐል መምራት ብቻ ነው። በርሜሉ ላይ፣ እንጨቱ ከፊት በሚያልቅበት አካባቢ፣ ጥቂት ዙር የኤሌክትሪክ ቴፕ ተጠቅልሎ ከፍታውን ይይዛል። ላይ በላስቲክ ወይም በቴፕ ቀለል አድርጎ ማሰር ይበቃል። ብረቱ በራሱ ክብደት ይቀመጥ። ትርፉ ኢፖክሲ በጎን ሲፈስ ሳይጠነክር ይጠረጋል። ከዚያ እስኪደርቅ አትንኩት፤ አብዛኛው ኢፖክሲ 24 ሰዓት ይፈልጋል። ጋራዥ ውስጥ ብርድ ካለ ከዚያም በላይ።

ሌላዋ ተረስታ የምትቀር ነገር ጥርሷ ናት። ከሪሲቨሩ ሥር ከፊት በኩል ወደ ታች የወጣች ወፍራም ብረት አለች፤ ጠመንጃው ሲረግጥ ግፊቱን ለእንጨቱ የምታስተላልፈው እሷ ናት። የኋላ ፊቷ ኢፖክሲውን ሙሉ በሙሉ መንካት አለበት። ከፊት፣ ከጎኖቿና ከታች ግን መንካት የለባትም። ከመሥራታችሁ በፊት በነዚህ በሦስቱ በኩል ቴፕ ይለጠፋል፤ በኋላ ሲነሳ የቴፑን ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል። በሁሉም በኩል ከተጣበበች ሪሲቨሩ በገባና በወጣ ቁጥር ማረፊያውን ትፍቃለች። ከታች ከነካች ደግሞ ያው ሌላ ጉልቻ ሆነች።

ፒላር የሚባለውስ? በብሎኖቹ ዙሪያ የሚገባ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ቱቦ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ እንጨቱን እንዳይጨፈልቅ፣ ብረት በብረት ላይ እንዲቆም ያደርጋል። አዲስ ግኝት አድርገው የሚያወሩ አሉ። የወታደሩ ሞዘር 98 ግን የኋለኛው ብሎኑ ዙሪያ የብረት ቱቦ ነበረው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ጀርመኖቹ ያኔም ያውቁ ነበር። ዴንቨር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። አየሩ ደረቅ ነው፤ ከርጥብ አገር የመጣ የዋልነት እንጨት እዚህ አንድ ክረምት ሲከርም ብሎኖቹ ራሳቸው ይላላሉ። ከዚያ ተራራ ላይ በረዶ ሲነካው መልሶ ያብጣል። የቤዲንግ ትልቁ ጥቅም ለአዳኝ ይሄ ነው፦ ነሐሴ ላይ ያስተካከላችሁት ጠመንጃ ኅዳር ላይ ያው እንዲሆን።

አንድ ሌላ መምታታት፦ በርሜልን ማንሳፈፍ ቤዲንግ አይደለም። ማንሳፈፍ ማለት በርሜሉ ከፊት በኩል እንጨቱን እንዳይነካ ማድረግ ነው። አንድ ዶላር ኖት በመካከላቸው እስከ ሪሲቨሩ ድረስ ካለፈ ተንሳፏል ይባላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚሠሩ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ሁልጊዜም ማንሳፈፍ ያሻሽላል ማለት አይደለም። ሬሚንግተን 700 ቀጭን በርሜል ያላቸው የአደን ሞዴሎች ከፋብሪካ ሲወጡ እንጨቱ ጫፍ ላይ በርሜሉን ሆን ብሎ የሚደግፍ ጉብታ ነበራቸው። ያን ቆርጦ ጥሎ ከበፊቱ የባሰ ውጤት ያገኘ ሰው አለ። መጀመሪያ ተኩሳችሁ እዩ፤ ከዚያ ቁረጡ።

ጠመንጃችሁ ቤዲንግ ይፈልግ አይፈልግ ማወቅም ጥንቆላ አይደለም። ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቃታውን አውጡ። ዲያል ኢንዲኬተር የምትባለውን ባለ መርፌ መለኪያ በርሜሉ ላይ እሰሩና ጫፏን እንጨቱ ላይ አሳርፉ። ከዚያ አንዱን ብሎን ቀስ ብላችሁ ፍቱ። መርፌዋን እዩ። ተደላድሎ የተቀመጠ ሪሲቨር ላይ መርፌዋ እንብዛም አትንቀሳቀስም፤ እስከ 0.05 ሚሊሜትር ደህና ነው። ታንቆ የነበረ ከሆነ ግን ብሎኑ ገና ሩብ ዙር ሳይዞር መርፌዋ ዘልላ ትሄዳለች፤ ብረቱ ከእስር ሲለቀቅ ነው። መልሳችሁ ስታጠብቁ ተመልሳ ትመጣለች። ይህን አንዴ ያየ ሰው «በጠበቀ ቁጥር» የሚል አይመስለኝም።

ከቤዲንግ በኋላም ብሎኑ ልክ አለው። ሬሚንግተን 700 ዓይነት ጠመንጃ ላይ፣ ፒላር ለሌለው እንጨት 35 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) አካባቢ፣ ፒላር ወይም የአሉሚኒየም መቀመጫ ካለው እስከ 65 ይኬዳል። ከሁሉ በፊት ግን የጠመንጃችሁ መመሪያ ይቅደም። ይህን የሚለካው የቶርክ ቁልፍ ውድ አይደለም። «በእጄ እየሰማሁ» የሚባል ነገር የለም።

ይህን ያልጠየቃችሁኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ሥራው ሲያልቅ ቃታውን አስገቡና ዝጉት፣ ክፈቱት። የፊተኛው ብሎን ከበፊቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ከገባ ጫፉ ቃታው የሚቆለፍበትን ጥርስ ይነካል፤ ቃታው ይከብዳል። ብሎኑ በሞረድ ማጠር አለበት። ከዚያ ምላጩን ሞክሩ፣ በባዶው። ትርፍ ኢፖክሲ ምላጩ ቤት ውስጥ ወይም መቆለፊያው (ሴፍቲው) አጠገብ ከቀረ ጠመንጃው ሳትነኩት ሊተኩስ ይችላል። መቆለፊያውን ደጋግማችሁ ዝጉ ክፈቱ፤ ቃታውን ጠንከር አድርጋችሁ መልሱት። ቅንጣት ጥርጣሬ ካለ ለባለሙያ። ኢፖክሲውን ስትለውሱ ጓንት አድርጉ፤ ቆዳ አንዴ ከተቆጣ በኋላ በነካ ቁጥር ይቆጣል። ርካሹ የፕላስቲክ ሰደፍ ደግሞ ኢፖክሲ አይወድም። በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፤ በመሰርሰሪያ ወደ ውስጥ የሚሰፉ ትናንሽ ቀዳዳዎችም አብጁለት፤ ኢፖክሲው እዚያ ገብቶ ይያዝ።

ውጤቱን ስትለኩ በሦስት ጥይት አትፍረዱ። ሦስት ጥይት በአጋጣሚም ይጠጋጋል። ከቤዲንግ በፊት አምስት አምስት እያደረጋችሁ ጥቂት ወረቀት ተኩሱ፤ በኋላም በዚያው ጥይት፣ በዚያው ርቀት ያንኑ ያህል። አንዳንድ ሰው ከቤዲንግ በኋላ «ተሻሻለ» የሚለው፣ በመፍታትና በመግጠም መካከል ላልተው የነበሩትን የመነጽር ብሎኖች ስላጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እዚህም ያው ነው። በርሜሉ የተበላ ከሆነ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ጭረት ካለ፣ ጥይቱ ለበርሜሉ የማይስማማ ከሆነ፣ ቤዲንግ ምንም አይፈይድም። በ100 ያርድ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ኢንች ተኩል ውስጥ የሚገባ የአደን ጠመንጃ ካላችሁ ደግሞ ተዉት። ለኤልክ ከበቂ በላይ ነው። ያንን ኢፖክሲ የምትገዙበትን ገንዘብ ጥይት ገዝታችሁ ተለማመዱበት።

እና እባካችሁ፣ አሮጌዎቹን አትንኩ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የመጡ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ ይሸጣሉ፤ ከነሱ መካከል አንበሳ የታተመባቸው ቤልጅግ የሠራቸው ሞዘሮች አሉ። አንዳንዱ የአገር ልጅ ለናፍቆት ይገዛና «ላሻሽለው» ብሎ እንጨቱን መፋቅ ይጀምራል። ያ እንጨት አንዴ ከተፋቀ ዋጋውም አብሮ ይፋቃል፤ ሰብሳቢ ሁለተኛ አያየውም። የበርሜሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዝገት የበላው ስለሆነ ደግሞ ቤዲንጉ የሚያሻሽለው ነገር አይኖርም። ቤዲንግ መለማመድ ከፈለጋችሁ ገበያ ላይ ያገለገለ ርካሽ የአደን ጠመንጃ ሞልቷል፤ ብታበላሹትም አዲስ ሰደፍ ገዝቶ መቀየር ይቻላል።