አነስተኛ የአካባቢ ጥበቃ ግራንት ምንድን ነው?

ግራንት እንደ ብድር የሚመለስ፣ እንደ ምጽዋትም ያለ ጥያቄ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም፤ ተቀባዩ ለተስማማበት ሥራ ብቻ ሊያውለውና ላወጣው እያንዳንዱ ብር ማስረጃ ሊያቀርብ በውል የሚገደድበት ድጋፍ ነው። አነስተኛ ግራንት የሚባለው ደግሞ በአካባቢያቸው ያለውን ደን፣ ምንጭ ወይም ቦረቦር ለመንከባከብ ለተሰባሰቡ ሰዎች የሚሰጠው ነው።

በዘርፉ በስፋት የሚታወቀው ግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ የተባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ የሚደግፈው የአነስተኛ ግራንት ፕሮግራም ሲሆን፣ የተጀመረውም የሪዮ ዴ ጄኔሮ የምድር ጉባኤ በተካሄደበት በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮግራሙን ከጅምሩ አንስቶ ሲያስፈጽም የቆየው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ነው። ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ገንዘብ ለረጅም ዓመታት ከ50,000 የአሜሪካ ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኖ ቆይቷል፤ የትኛው ቡድን ያግኝ የሚለውን የሚወስነው በየአገሩ የሚቋቋም፣ አብዛኞቹ አባላቱ ከመንግሥት ውጭ የሆኑ ኮሚቴ ነው። ማኅበረሰቡ የሚያዋጣው ጉልበት፣ ድንጋይና አሸዋ በገንዘብ ተተምኖ የድርሻው መዋጮ ሆኖ ይያዝለታል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የአሠራሩ ትልቁ ብልህነት ይኸው ነው፤ ማንም ዋጋ ሰጥቶት የማያውቀው የደቦ ጉልበት በሒሳብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ይሁን እንጂ ደቦ ደረሰኝ አይሰጥም። ከእርሻቸው በላይ ያለውን ቦረቦር ለመከተር የተስማሙ ሠላሳ አባወራዎችን እናስብ። ጎርፉ ከየት እንደሚነሳ፣ ክትሩ የት ቢሠራ እንደሚጸና ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የሌላቸው ሕጋዊ ሰውነት፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና በሥርዓት የተያዘ ቃለ ጉባኤ ነው። እድራቸው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን ስለማይመለከት በዚያ ሕግ አይመዘገብም። ስለዚህ ወይ በኅብረት ሥራ ማኅበር መልክ መደራጀት፣ ወይ ደግሞ ሕጋዊ ዕውቅና ባለው ድርጅት ሥር ሆነው ገንዘቡን በእርሱ በኩል መቀበል ይኖርባቸዋል። ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ቢሆንም አደጋ አለው፤ ዕቅዱንና ሒሳቡን ድርጅቱ ብቻ የሚይዘው ከሆነ፣ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ገበሬዎቹ ክትር የሠሩ የቀን ሠራተኞች ሆነው ይቀራሉ።

ሥልጠና ከግራንት ጋር አብሮ የሚሰጠው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪን ለይቶ መመዝገብን፣ ጸሐፊው ውሳኔን በቃለ ጉባኤ ማስፈርን፣ አባላቱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቦረቦሩን ጥልቀትና ስፋት ለክቶ በመነሻ መረጃነት መያዝን ይማራሉ። ሥልጠና ሲባል ከተማ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ አበል መቀበል የሚመስለው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ቦረቦር ለሚከትር ቡድን ግን ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቆሞ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ትምህርት ይበልጥ ይጠቅመዋል። በወላይታ ሁምቦ ወደ 2,700 ሄክታር የሚጠጋ የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው በአዲስ ችግኝ አልነበረም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁት ነዋሪዎች በመሬት ውስጥ ሕያው ሆነው ከቆዩ ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን ቅርንጫፍ መርጦ መግረዝን ተምረው፣ ቦታውን ከከብት ንክኪ ነጻ አድርገው ጠብቀውት ነው። ሁምቦ ከአነስተኛ ግራንት የሰፋ፣ ከካርበን ሽያጭ ጋር (ይኸውም ደኑ ከአየር ስቦ ለሚያስቀረው ካርበን ከገዢ ገንዘብ ከመቀበል ጋር) የተያያዘ ፕሮጀክት ቢሆንም ሥልጠና የሚያመጣውን ለውጥ በግልጽ ያሳያል።

ማመልከቻውም ቢሆን የግድ በወፍራም ሰነድ መቅረብ የለበትም፤ ጽሑፍ ለሚከብዳቸው ቡድኖች በፎቶግራፍ ወይም በቪዲዮ የሚቀርብ ሐሳብ የሚቀበሉ ለጋሾች አሉ። ገንዘቡ የሚለቀቀው በየምዕራፉ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ተወራርዶ ሥራው በመስክ ካልታየ ሁለተኛው አይከተልም፤ ዛፍ ተከላን በሚመለከት ደግሞ ጠንቃቃ ለጋሽ ቆጠራውን የሚያደርገው በሐምሌ ተከላ ዕለት ሳይሆን በጋው ካለፈ በኋላ፣ የጸደቀው ከደረቀው ሲለይ ነው።