የዱረር «አዳምና ሔዋን»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አልብረኽት ዱረር በጀርመን የኑርንበርግ ከተማ ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1504 «አዳምና ሔዋን»ን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ አተመ። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ 25 በ19 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እኔ ግን አይቼ አልጠግበውም። ለዚህም ነው ስለ እሱና ስለ መሰሎቹ የሚባሉ አንዳንድ ነገሮች የሚቆረቁሩኝ።

«እንስሳቱ ባዶ ቦታ ለመሙላት የገቡ ናቸው።»

በፍጹም። አዳምና ሔዋን እግር ሥር ድመት፣ ጥንቸልና በሬ አሉ። ከኋላ ደግሞ ኤልክ የሚባለው የሰሜን አውሮፓ ትልቅ አጋዘን ከዛፎቹ መሃል ይታያል። በዚያ ዘመን የሰው ጠባይ የሚወሰነው በአራት የሰውነት ፈሳሾች ሚዛን ነው ይባል ነበር። ፈሳሾቹ ደግሞ እኛም ከምናውቃቸው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ጋር ይዛመዱ ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪው ኤርዊን ፓኖፍስኪ ሥዕሉን ያነበበው በዚህ መንገድ ነው። ድመቷ ቁጣ ናት። ጥንቸሉ የደመ ሞቃት ሰው ጠባይ ነው። በሬው ዝግታ፣ ኤልኩ ትካዜ። ፍሬው እስካልተበላ ድረስ አራቱም በሰላም አብረው ያድራሉ።

አሁን አይጧን ፈልጓት። ከድመቷ ፊት ለፊት፣ አዳም እግር አጠገብ ናት። ድመቷ አልዘለለችም። ገና ነው። ለእኔ ከሥዕሉ ሁሉ ልብ የሚያንጠለጥለው ይሄ ቦታ ነው፤ ሔዋን ፍሬውን ይዛለች፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ትንንሽ እንስሳት መሃል ባለችው ክፍተት ውስጥ አለ።

«ዛፉ የፖም ዛፍ ነው።»

በአውሮፓ ብዙ ሠዓሊዎች ፖም ሥለዋል። በላቲን «ማሉም» የሚለው ቃል ፖምም ክፋትም ማለት መሆኑ ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም። የዱረር ዛፍ ግን በለስ ነው። «ዕፀ በለስ» እየተባለ ሲነገረው ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

«ምሳሌ የሚሥል ሰው ተፈጥሮን ልብ ብሎ አያይም።»

ዱረር በ1502 አንዲት ጥንቸል በውሃ ቀለም ሣለ፤ ፀጉሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በ1503 ደግሞ አንድ ቁራጭ ሣር ከነአፈሩ። ሁለቱም ዛሬ ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም አሉ። በዓመቱ ነው «አዳምና ሔዋን»ን የቀረጸው። መጀመሪያ አየ፣ ከዚያ ትርጉም ሰጠ። በ1515 ያሳተመውን አውራሪስ ግን በዓይኑ አላየውም ነበር። ጀርባው ላይ የሌለ ቀንድ ጨመረበት።

«የመዳብና የእንጨት ቅርጽ ሕትመት አንድ ናቸው።»

ተቃራኒ ናቸው። በእንጨቱ ቀለም የሚይዘው ሳይፋቅ የቀረው ከፍ ያለው ክፍል ነው፤ በመዳቡ በሹል ብረት የተቦረቦረው መስመር ነው። አውራሪሱ የእንጨት ነው።

«እያንዳንዱ እንስሳ አንድ ቋሚ ትርጉም አለው።»

ውሻውን ብቻ እንይ። ዱረር በ1513 በቀረጸው «ፈረሰኛው፣ ሞትና ሰይጣን» ላይ ከጌታው ፈረስ ጎን ይሮጣል፤ ታማኝነት ነው። በ1514 ቅዱስ ጄሮምን በክፍሉ ውስጥ ባሳየበት ሥዕል ከአንበሳው አጠገብ በሰላም ተኝቷል። በዚያው ዓመት በ«ሜላንኮሊያ» (ትካዜ) ላይም ተኝቷል። እዚያ ግን ከስቷል፣ የጎድን አጥንቱ ይታያል።