የፍሪጅ በር መዝጊያና ቁልፍ በድሬዳዋ፦ አመራረጥና አያያዝ

ፍሪጅን የሚዘጋው በሩ ጠርዝ ላይ ያለው ጎማ ነው። የቁልፉ ሥራ ሌላ ነው፤ ሰው እንዳይከፍተው ያደርጋል እንጂ ቅዝቃዜውን አያቆይም። ድሬዳዋ ላይ ይሄ ልዩነት ቶሎ ይታያል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ጎማው የላላ ፍሪጅ ሞተሩ ሳያርፍ ሲያጓራ ይውላል፣ ውሃው ግን አይቀዘቅዝም፣ ጠዋት የተገዛው ወተትም ማታ ሳይደርስ ይበላሻል። ባለቤቱ በሩን በገመድ ያስራል፣ ወይ ብረት አስበይዶ ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል። ችግሩ ግን እዚያው አለ።

በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ውስጡ ክፍት የሆነ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። በውስጡ የማግኔት ዱቄት ተቀላቅሎበት የተሠራ ቀጭን ጥብጣብ አለ። በሩ ሲጠጋ ጥብጣቡ የፍሪጁን የብረት ጠርዝ ይስባል፣ ጎማው ይሳብና ክፍተቱን ይሞላል። በቃ፣ ሌላ መቀርቀሪያ የለውም። በሩን ዘግታችሁ ወዲያው ልክፈት ስትሉ እምቢ የሚላችሁም ለዚህ ነው፦ የገባው ሞቃት አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ የውጭው አየር በሩን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ትንሽ ብትታገሡ ራሱ ይለቃል። ይሄ የጤነኛ ጎማ ምልክት ነውና አትናደዱበት፤ በዚያች ቅጽበት በጉልበት እየተጎተተ የሚሰበር እጀታ ብዙ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የቀድሞዎቹ ፍሪጆች እንደ መኪና በር ቀጭ ብሎ የሚይዝ የብረት መቀርቀሪያ ነበራቸው፤ ውስጥ የገባ ሰው በምንም ተአምር አይከፍተውም። አሜሪካ ውስጥ በተጣሉ ፍሪጆች ሲጫወቱ የገቡ ሕፃናት በሩ ተዘግቶባቸው፣ አየር አጥሯቸው ሞተዋል፤ ወፍራሙ ግድግዳ ድምፅ ስለሚያፍን ጩኸታቸውንም የሚሰማ አልነበረም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አንድ ሕግ ፈረሙ። ከኦክቶበር 30 ቀን 1958 በኋላ የሚሠራ የቤት ፍሪጅ ሁሉ ከውስጥ ሲገፋ መከፈት አለበት፤ ለዚያም ከ15 ፓውንድ፣ ማለትም ከ7 ኪሎ ገደማ የበለጠ ግፊት መፈለግ የለበትም። በማግኔት የሚዘጋው በር የተስፋፋው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው።

ይሄ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። የተቃጠለ ፍሪጅ እኛ ጋ ቶሎ አይጣልም፤ ግቢ ጥግ ቆሞ የዱቄት ወይም የልብስ ማስቀመጫ ይሆናል። ልጆች ደግሞ ኩኩሉ ሲጫወቱ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አያገኙም። ስለዚህ ሥራ ያቆመ ፍሪጅ ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ በሩን ፍቱት። ቁምሳጥን ሆኖ በር የግድ ካስፈለገው ጎማውንና ቁልፉን አውጡና በመጋረጃ ወይም በቀላል ጣውላ ተኩት። በተለይ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተው ዲፕ ፍሪዘር ያስፈራል፤ ክዳኑ ከባድ ነው፣ ራሱን ችሎ የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ የሚከፈት ነገር የለውም። እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም።

ወደ ጤነኛው ፍሪጅ እንመለስ። ጎማው በደንብ መግጠሙን ለማየት የብር ኖት በቂ ነው። ኖቱን ግማሹን ውስጥ ግማሹን ውጭ አድርጋችሁ በሩን ዝጉና ሳብ አድርጉት። እየጎተታችሁት ያዝ ካደረገ ጥሩ ነው፣ ዝም ብሎ ከወጣ እዚያ ጋ አየር ይገባል። ዙሪያውን በሙሉ ሞክሩ፤ ማዕዘኖቹንና በማጠፊያው በኩል ያለውን አትርሱ፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እሱ ነው። ሌላው ዘዴ ማታ መብራት አጥፍቶ የስልክ ባትሪ አብርቶ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ብርሃን ሾልኮ ከወጣ ቅዝቃዜውም አብሮ ይወጣል። ፍሪዘሩ ቶሎ ቶሎ በረዶ የሚጋግር ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎማው ነው።

የድሬ ጎማ ቀንደኛ ጠላት አቧራ ነው። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በኩል ነፋስ ሲነሣ ደቃቁ አቧራ በጎማው እጥፋት ውስጥ ይገባና ከፈሰሰ ለስላሳና ወተት ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። በሳምንት አንድ ቀን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጥፋቱን እየገለጣችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት። ሻጋታ ካለው ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። በረኪና አትጠቀሙ፣ ጎማውን ያደርቀዋል። በማጠፊያው በኩል በጣም ስስ ቫዝሊን ቢቀባ ጎማው በሩ ሲዞር አይጎተትም፣ አይታጠፍም። ስስ ነው ያልኩት፤ ወፍራም ከሆነ አቧራውን ሰብስቦ ያስቀረዋል። ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ላይ የቆመ ፍሪጅ ደግሞ ምንም ቢጸዳ ጎማው ደርቆ መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ ከተቻለ ጥላ ውስጥ አስገቡት። እጥፋቱ የተጨማደደ እንጂ ያልተቀደደ ጎማ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ በልኩ አሙቁትና በእጅ አስተካክሉት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ጎማው ደህና ሆኖ በሩ ካልገጠመ ጥፋቱ ማጠፊያው ላይ ወይም እግሩ ላይ ነው። እኛ ከተማ ውሃ የሚደረደረው በር ላይ ነው፤ አምስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ብቻ 10 ኪሎ ነው፣ በየቀኑ ስንት ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ማጠፊያው ቢዘምም አይገርምም። ከባዱን ውሃ ወደ ውስጥ መደርደሪያ አውርዱት። ከዚያ በካቻቪቴ የማጠፊያውን ቪቶች አጥብቁ። የፊት እግሮቹን ከኋላዎቹ ትንሽ ከፍ ብታደርጓቸው በሩ በራሱ ክብደት ወደ መዝጋት ያዘነብላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ላሉ ሰዎች ይሄ በተለይ ይጠቅማል፤ መንገዱም በሩም ጠባብ ስለሆነ ፍሪጁ ሲገባ በሩ ሊፈታ ይችላል፣ ተመልሶ ሲገጠም ደግሞ ማጠፊያው ቦታውን ይስታል። ሐረር ከድሬ ከፍ ስለሚልና ስለሚቀዘቅዝ ግን ፍሪጁ እንደኛ አይጨነቅም።

አሁን ቁልፍ። ለቤት የሚሆነው ቀላሉ ዓይነት በማጣበቂያ የሚለጠፈው ነው፦ አንዱ በበሩ አንዱ በጎኑ ላይ ተለጥፎ መሃሉ በቀበቶ ይያያዛል። ሕፃን ልጅ ላለበት ቤት ይበቃል። ከመለጠፉ በፊት ቦታውን ከቅባት አጽዱት፣ ከዚያ አንድ ቀን ሳትነኩት አሳድሩት። ሙቀቱ ማጣበቂያውን ስለሚያለሰልስ አልፎ አልፎ ፈትሹት። በአንድ ግቢ ፍሪጅ ለሚጋሩ ተከራዮች ቁልፍ ያለው ዓይነት ይሻላል፤ ሰላምም ያመጣል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ቤት ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይደር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፣ በረዶ መሆን የለበትም፤ በር ላይም ሆነ ከፍሪዘሩ ጋ አስጠግታችሁ አታስቀምጡት። ባለቤቱ በሌሊት ሲፈልገው ቁልፍ ሲታሰስ መኖር የለበትም።

ለሱቅ ነገሩ ይለያል። ከሰዓት ላይ ከተማው በርጫ ሲቀመጥ በረንዳ ላይ የቆመው ባለ መስታወት ፍሪጅ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሲገዛ ቁልፉ ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን ምረጡ። ብዙ ዲፕ ፍሪዘሮች ላይ ቁልፉ በስፕሪንግ ስለሚገፋ በራሱ ይወጣል፤ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ ልጅ ተጫውቶ እንዳይቆልፈው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ቁልፉ ሲያስቸግር ዘይት አትጨምሩበት፤ ዘይቱ አቧራ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል። የእርሳስ ውስጡን ፈጭታችሁ ዱቄቱን ቁልፉ ላይ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ አስገቡና አውጡ።

ብየዳን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ፍሪጅ ላይ አታስበይዱ፣ ቦታውን ሳታውቁ በድሪል አታስበሱ። የብዙ ፍሪጆች ጎን ላይ፣ የበሩም ጠርዝ ዙሪያ፣ ጋዝ የሚያዞር ቀጭን ቱቦ ከላሜራው ሥር ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከተበሳ ጋዙ ወጥቶ ያልቃል። አዳዲሶቹ ላይ ያለው አር 600ኤ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፣ በግድግዳው መሃል ያለው ፎምም ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ጓጉንቸር የግድ ከሆነ ሁለቱን እጀታ በሰንሰለት ማያያዝ ወይም ፍሪጁን ሙሉውን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ማቆም ይሻላል። ፍርግርጉ ነፋስ ያስገባል፣ በያጁም ከፍሪጁ ርቆ ይሠራዋል።

መብራት ሲጠፋ ቁልፍ ሌላ ጥቅም አለው፤ እጅ ያስታግሣል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለአራት ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል ይባላል። በድሬ ሙቀት ከዚያ ማሳነስ ነው።

ጎማው ከተቀደደ መቀየር ነው። ድሬ ውስጥ ታይዋን ወይም አሸዋ ወደሚባሉት ገበያዎች ስትሄዱ የፍሪጁን ሞዴል ጽሑፍ ፎቶ አንሱ፣ የአሮጌውን ጎማ ቁራጭም ያዙ፤ ርዝመቱና ስፋቱ ብቻ አይበቃም፣ ወደ በሩ የሚሰካው ጥርስ ቅርፅም መመሳሰል አለበት። ተቆራርጦ በማስቲሽ የተቀጠለ ጎማ ቢረክስም አትግዙ፣ ማዕዘኑ ላይ ይከፈታል። አዲሱ ተጣጥፎ ስለሚመጣ ተጨማድዶ ይሆናል። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ አድርቁት፣ ከማዕዘን ጀምራችሁ ስኩት። ከዚያ በሩን ዘግታችሁ አሳድሩትና ጠዋት በብር ኖት ዙሪያውን ሞክሩት።